ቃጭሉ የተፈታ ዕለት

ዱየን ከቤቷ ፊት ለፊት ያለውን ጠባብ ግቢ ያን ጠዋት ሦስት ጊዜ ጠረገችው። የመጀመሪያው እንደ ወትሮዋ ነበር። ሁለተኛው ዳክዬዎቹ ስላበላሹት ነው። ሦስተኛው ግን እጇን ማሳረፍ ስላቃታት ብቻ ነው። በሦስት ሰዓት የቀበሌው ኮሚቴ ይመጣል። መጥቶ ልጇን ኤንን ያያል፤ አይቶም ወረቀት ላይ አንድ ቃል ይጽፋል።

ቃሎቹ ሦስት ናቸው፦ ቀላል፣ ከባድ፣ እጅግ ከባድ። ኤን ዳውን ሲንድሮም ኖሮባት የተወለደች የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ናት። የዛሬ ሁለት ዓመት ይኸው ኮሚቴ መጥቶ «ቀላል» ብሎ ጽፎላት ሄደ። ቀላል የተባለ ሰው የመንግሥት ድጎማ አያገኝም። ከባድ ከተባለ ግን ለልጁም፣ ቤት ሆኖ ለሚጠብቀውም በየወሩ ይሰጣል።

ዱየን ያን ቃል የፈለገችው ከቤት ላለመውጣት ነው። ቤቷ ሆና የምትሠራው የቄጤማ ምንጣፍ ገበያው ቀዝቅዟል፤ ሰዉ የፕላስቲኩን ለምዷል። ባሏ ከተማ ውስጥ ግንበኛ ሆኖ የሚመጣው ለአዲስ ዓመት ብቻ ነው። ዛሬም ካልተሳካላት ሽሪምፕ የሚባለውን የባሕር ምግብ የሚያሽግ ፋብሪካ ትገባለች። ማመልከቻውን ሞልታ ከመስተዋቱ ጀርባ ሸጉጣዋለች። እዚያ ከገባች ጎህ ሲቀድ ወጥታ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ነው የምትመለሰው። ኤን ቀኑን ሙሉ የምትውለው ከአያቷ ከእማማ ቦንግ ጋር ይሆናል። እማማ ቦንግ ደግሞ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ዳክዬውን ከድመቱ መለየት ካቃታቸው ሰነባብቷል። ከቤቱ ጀርባ ደግሞ ጀልባ የሚያልፍበት ጥልቅ ቦይ አለ።

ጎረቤቷ እትዬ ሳው ምክር አልነፈገቻትም። ትናንት ከሰዓት በኋላ አንድ እስር ቄጤማ ልትበደር መጥታ ደጃፉ ላይ ቁጢጥ አለችና ጀመረች።

«ስሚኝማ፣ ነገ ጸጉሯን አታበጥሪያት። ቁርስም አትስጫት፤ ትነጫነጭ። የእህቴ ጎረቤት እንደዚያ አድርጋ ነው ያገኘችው።»

«ልጄን ላስርባት?»

«አንድ ቁርስ መቅረቱ ማንን ገደለ? ያኔ እንደ ሙሽራ አስጊጠሽ አቀረብሻት፤ ምን አተረፍሽ? አሁን ደግሞ ልታስዘፍኛት ነው?»

«እስቲ አስብበታለሁ።»

«አንቺ ስታስቢ ኮሚቴው ጡረታ ይወጣል!» ብላ ቄጤማውን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ሄደች።

እውነቱን ለመናገር ዱየን ጠዋት ስትነሳ ልትሞክረው ነበር። ቁርሱን አይደለም፤ ጸጉሯን ብቻ። ኤን ግን ማበጠሪያውን ራሷ ይዛ መጣችና ጀርባዋን ሰጥታት ቁጭ አለች።

«እማ፣ ዛሬ ፈተና ነው አይደል?»

«ፈተና አይደለም። እንግዶች ናቸው።»

«አያቴ ወረቀት ይዘው ይመጣሉ ብላለች። ወረቀት ካለ ፈተና ነው። አሥር አገኛለሁ።»

ኤን ሁለት ዓመት ያህል ትምህርት ቤት ገብታ ነበር። አስተማሪዋ በቀይ እስክሪብቶ የጻፈችላትን አንዲት አሥር ከአሥር እስከ ዛሬ ከትራሷ ሥር ታስቀምጣታለች። ወረቀቷ ከመታጠፍ ብዛት እንደ አሮጌ ጨርቅ ልማለች። ዱየን ማበጠሪያውን ተቀበለች። ጸጉሯን ለሁለት ከፍላ ጎነጎነችውና ጫፉን በሰማያዊ ክር አሰረችው።

በዚያ መንደር እንግዳ ሲመጣ የቤቱ ጉድ ሁሉ ከዓይን ይሰወራል። የተሰነጠቀው ሳህን፣ የተጣፈው አጎበር፣ የአሮጊቷ መድኃኒት፣ ሁሉም አልጋ ሥር ይገባል። ዱየንም እንደ ሰዉ አደረገች። ወደ ቦዩ የሚያስወጣው የጓሮ በር የሚታሰርበትን ገመድ ፈትታ ጠቀለለችው። የኤን የቀኝ ነጠላ ጫማ ላይ የሰፋችውን ቀይ ጨርቅ በምላጭ ተርትራ አነሳችው። በመጨረሻም ከኤን ቁርጭምጭሚት ላይ ትንሿን የነሐስ ቃጭል ፈታች።

«ለምን ፈታሽው?»

«እንግዳ ሲመጣ አይታሰርም።»

ልጇን እንደ ፍየል ቃጭል አስራባት ሲያዩ ምን ይሏታል? ቃጭሉን ኪሷ ከተተችው።

ኮሚቴው በሁለት ሞተር መጣ። አቶ ኪየት የቀበሌው የማኅበራዊ ጉዳይ ኃላፊ ናቸው፤ መነጽራቸውን በየደቂቃው በሸሚዛቸው ጫፍ የሚወለውሉ፣ ደንብ አጥባቂ ሰው። አብራቸው ያለችው ቪ የምትባል የጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ኤን በሩ ላይ ጠበቀቻቸው፤ ሁለት እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ ጎንበስ አለች።

«አጎቴ፣ እንኳን ደህና መጡ። እትዬ፣ እንኳን ደህና መጣሽ።»

«አቤት ጨዋነት!» አሉ አቶ ኪየት።

ዱየን ደስ አላት። ይህችን ሰላምታ ለማስተማር ሦስት ዓመት ፈጅቶባታል። ዛሬ ምነው ባላስተማርኳት የሚያሰኝ ቀን መጣ።

አቶ ኪየት ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። ዱየን ከተቀመጠችበት ሆና ሦስቱን ዓምዶች ታያቸዋለች። በግራ በኩል «ይችላል»፣ መካከል ላይ «በሰው እርዳታ ይችላል»፣ በቀኝ በኩል «አይችልም» ይላሉ።

«ብቻዋን ትበላለች?»

«ትበላለች እንጂ!» አሉ እማማ ቦንግ ከአልጋቸው ላይ። «ዓሣውን አንድ አጥንት ሳያንቃት ነው ሙልጭ የምታደርገው።»

«ትለብሳለች?»

«ራሴ!» ኤን ብድግ ብላ የሸሚዟን ቁልፎች ፈታች፤ ከዚያ ምላሷን በጥርሷ ነክሳ አንድ በአንድ መልሳ ቆለፈቻቸው። አምስት ናቸው። ቪ አጨበጨበችላት።

«ገላዋንስ ብቻዋን ትታጠባለች?»

«ራሴ!»

«እማማ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እናቷ ትመልስልን» አሉ አቶ ኪየት።

«እኔ አያቷ አይደለሁም? በእኔ ዘር ሰው ፊት ቀርቦ አልችልም የሚል የለም። ምን ጎደለባት?»

አቶ ኪየት ወደ ዱየን ዞሩ። «እህቴ፣ የተባለው ልክ ነው?»

ዱየን ለዚህች ጥያቄ ወር ሙሉ ተዘጋጅታለች። ምንጣፍ ስትሠራ፣ ሩዝ ስትለቅም፣ «አትችልም፤ አትችልም» እያለች ለብቻዋ ተለማምዳለች። አሁን ቃሉ አፏ ውስጥ ነው። ኤን ግን ሌላውን ሁሉ ትታ የእናቷን አፍ ነው የምታየው። ፊቷ ወደ ላይ ቀና ብሏል። አስተማሪዋ ቀይ እስክሪብቶዋን ስታነሳ እንዲህ ነበር የምትሆነው።

«አዎ» አለች ዱየን። «ልክ ነው።»

እስክሪብቶው በግራው ዓምድ ላይ ሦስት ምልክት አደረገ።

ነገሩ ከዚያ በኋላ እንደ ቁልቁለት ሆነ። አቶ ኪየት ምንጣፍ መሥሪያውን አይተው፣ «በዚህስ ታግዝሻለች?» ሲሉ ኤን ሮጣ ቦታዋን ያዘች። ምንጣፍ የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ አንዱ ቄጤማውን በረጅም ዘንግ ያሾልካል፣ ሌላው በመምቻው ያጠብቃል። ኤን አሾለከች፤ ዱየን መታች። አንድ ከግራው እስር፣ አንድ ከቀኙ፣ ሳትሳሳት። ሌላ ምልክት በግራ። ከዚያ ሻይ ቀዳች፤ ጠብታ አላፈሰሰችም። ሌላ ምልክት። ዱየን ምልክት በተጨመረ ቁጥር የፋብሪካው በር አንድ እርምጃ የቀረባት መሰላት።

ሻዩ ሲያልቅ ኤን ስኒዎቹን ሰብስባ ትሪው ላይ ደረደረች።

«ላጥባቸው» አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

«አያችሁ? ማንም ሳይነግራት!» አሉ እማማ ቦንግ።

«በእውነት ጎበዝ ናት። የቀረን አንድ ጥያቄ ነው» አሉ አቶ ኪየት መነጽራቸውን እየወለወሉ። «ቤት ውስጥ ብቻዋን መዋል ትችላለች? ማለቴ፣ አንቺ ገበያ ብትሄጂ…»

ዱየን ጥያቄውን ሰምታዋለች፤ ግን አንድ ጆሮዋ ሌላ ነገር እየፈለገ ነው። የስምንት ዓመት ልማድ ነው፤ ማንም ቢያናግራት ያ ጆሮዋ ከቃጭሉ ጋር ይሄዳል። ጓዳ ውስጥ ከሆነ ቅርብ ይሰማል፤ በሩ ጋ ከሆነ ትንሽ ይርቃል፤ ሲሮጥ ይቸኩላል። አሁን የዳክዬዎቹን ድምፅ ሰማች። ከሩቅ የሚመጣ የሞተር ጀልባ ሰማች። የእማማ ቦንግን ሳል ሰማች። ቃጭሉ የለም።

ከዚያ ቃጭሉ ኪሷ ውስጥ መሆኑ ትዝ አላት።

ወንበሩ ተገለበጠ። ጓዳው ባዶ ነው፤ የጓሮው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሮጠች፤ ስትሮጥ ቃጭሉ ኪሷ ውስጥ ጮኸ። ለአንዲት ቅጽበት ኤን ፊት ለፊቷ ያለች መስሏት «ኤን!» ብላ ተጣራች።

ከባሕሩ የሚገፋው ውሃ ቦዩን ሞልቶታል። ወደ ውሃው ከሚያስወርደው ደረጃ ጠዋት ስድስት እርከን ይታይ ነበር፤ አሁን የሚታየው ሁለት ነው። ትሪው የላይኛው ደረጃ ላይ ተቀምጧል፤ ሦስት የታጠቡ ስኒዎች ተደፍተውበታል። ኤን ወገቧ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆማ አንድ እጇን ወደ ፊት ዘርግታለች። አራተኛው ስኒ ከጣቶቿ ክንድ ያህል ርቆ እየተንሳፈፈ ይሄዳል። ኮኮናት የጫነው ጀልባ መታጠፊያውን ዞሮ እየመጣ ነው፤ ማዕበሉ ከፊቱ ይንከባለላል።

«ባለሽበት! እንዳትነቃነቂ!»

«እማ፣ አንዱ ሄደብኝ» አለች ኤን ልታለቅስ እያለች። «ዘጠኝ ሊሰጡኝ ነው።» አንድ እርምጃም ጨመረች።

ዱየን እንዴት እንደገባች አታውቀውም። ማዕበሉ ሲመታቸው የልጅቷ ሸሚዝ በእጇ ነበር። ሁለቱም አንድ ጊዜ ጠልቀው ወጡ። አቶ ኪየት በካልሲያቸው ደረጃው ላይ ወርደው እጃቸውን ሰጧቸው፤ ቪ ኤንን ጎትታ አወጣቻት። እማማ ቦንግ በሩን ተደግፈው «ምንድን ነው? ምን ሆናችሁ? አንድ ሰው ይንገረኛ!» እያሉ ይጮኻሉ።

ዱየን ደረጃው ላይ ተቀመጠች። አፏን ሞልታ ልትቆጣ አሰበች፤ አልሆነላትም። ከእርጥብ ኪሷ ቃጭሉን አውጥታ የልጇ ቁርጭምጭሚት ላይ ለማሰር ታገለች። ቋጠሮው ሁለት ጊዜ አመለጣት።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ አቶ ኪየት ዝግ ባለ ድምፅ።

ዱየን ኤንን አየቻት። «አትችልም» የሚለው ቃል አሁንም አልወጣም አላት። የወጣው ሌላ ነበር።

«እኔ ነኝ የማስርላት። አራት ዓመት ከሞላት ጀምሮ አስርላታለሁ። በዚህ በር ላይም ገመድ አለ፤ ለእናንተ ብዬ አነሳሁት። አራት ቋጠሮ ነው የማደርገው፤ ሦስቱን መፍታት ለምዳለች። ጫማዋ ግራና ቀኙ እንዲለይላት ቀይ ጨርቅ እሰፋለሁ። ስትታጠብ ውሃው ቀዝቅዞ እንደሆነ እኔ ነክቼ አያለሁ፤ ሳሙናውን ከጸጉሯ እኔ አስለቅቃለሁ። ቄጤማውን ሌሊት ተነስቼ ሥሩን በግራ፣ ጫፉን በቀኝ አድርጌ አስርላታለሁ፤ እሷ ከዚህ አንድ፣ ከዚያ አንድ ታነሳለች። ሻዩንም አቀዝቅዤ ነው የማቀርብላት። ዓሣውንም አጥንቱን ለቅሜ ነው።»

«አጥንቱን?» አሉ እማማ ቦንግ።

«አዎ፣ እማማ። የእርስዎንም።»

አሮጊቷ በመዳፋቸው አፋቸውን ያዙ።

«ጸጉሬንም ታበጥርልኛለች!» አለች ኤን፤ እናቷ የረሳችላት መስሏት። «ቁልፍ ስቆልፍ ደግሞ ትቆጥርልኛለች። መንገድ ስሻገር ቀሚሷን እይዛለሁ።»

አቶ ኪየት እርጥብ ካልሲያቸውን ሳያወልቁ ተመልሰው ተቀመጡ። ወረቀቱን ዘርግተው ምልክቶቹን አንድ በአንድ ሰረዙና መካከለኛው ዓምድ ላይ ጻፉ፤ ደንብ ነውና በየስርዙ አጠገብ ፈረሙ። የመጨረሻዋን ጥያቄ ደግመው አልጠየቁም፤ ምልክቱን በቀኝ በኩል አደረጉ።

ኤን ፎጣ ተጠቅልላ በትከሻቸው በኩል ብቅ አለች። «አጎቴ፣ ስንት አገኘሁ?»

«ዛሬ የተፈተንሽው አንቺ አይደለሽም። እናትሽ ናት።»

ኤን ዞራ እናቷን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት፤ ጭቃ በጭቃ ሆናለች። «ብዙ ተሳሳተች?»

«መጀመሪያ ላይ ተሳስታ ነበር። በኋላ አረመች።»

«እና ስንት?»

«ውሳኔው የኔ ብቻ አይደለም። ኮሚቴው ተሰብስቦ ነው» አሉ፤ ወደ ደንባቸው ተመለሱ። «ከአሥራ አምስት የሥራ ቀን በኋላ ይለጠፋል።»

ያን አሥራ አምስት ቀን ዱየን እንዴት እንዳሳለፈችው ምንጣፎቹ ይመሰክራሉ፤ አንዱ ጠርዙ ጠማማ፣ ሌላው መሐሉ የላላ። ጎህ ሲቀድ የቀበሌው የድምፅ ማጉያ ሲከፈት እጇ ከመምቻው ላይ ይቆማል። አንድ ቀን ስለ ዶሮ ክትባት ይናገራል፤ አንድ ቀን ስለ መንገድ ጽዳት። በአሥራ ሰባተኛው የሥራ ቀን ስሟን ጠራ።

በቀበሌው ቢሮ የሰጧትን ወረቀት እዚያው ቆማ አነበበችው። የኤን ስም፣ የተወለደችበት ቀን፣ ሁለት ጉንጉን የሚታይበት ፎቶዋ፣ ከሥሩ «ከባድ» የሚል ቃል። የፈለገችው ቃል ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ፈልጋዋለች። አሁን ግን ከፎቶው ሥር ሆኖ ስታየው፣ በአውራ ጣቷ ሸፍናው ቆየች።

ኤን በሩ ላይ ጠበቀቻት። «አለፍሽ?»

«አለፍኩ።»

«አሳዪኝ!» ወረቀቱን ነጥቃ ቁጥር ፈለገችበት፤ አላገኘችም። ፎቶዋን ስታገኝ ግን ሳቀች። «አያቴ! እማ አልፋለች! የኔን ፎቶ ሸለሟት!»

ቃጭሉ እየተጣደፈ ወደ ጓዳ ገባ። ዱየን ማመልከቻውን ከመስተዋቱ ጀርባ አውጥታ አጣጥፋ ምድጃው አጠገብ አስቀመጠችው፤ ለነገ ማቀጣጠያ። ከዚያ ቀጥ ብላ ቆማ አዳመጠች። ቃጭሉ ከእማማ ቦንግ አልጋ አጠገብ ሲደርስ ቀጥ አለ፤ የአሮጊቷ ድምፅ ተከተለ። «ወዲህ አምጪው እስቲ፣ በእጄ ልዳስሰው።»

ያን ጊዜ ሄዳ የጓሮውን በር ገመድ አየችው። አራቱም ቋጠሮ በቦታው ነበር።