ብርድ የሚከለክሉ ካርቱኖች

ጋሼ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ለአንድ የአዲስ አበባ መጽሔት ካርቱን ይስል ነበር። አዘጋጁ ጀርባው ላይ «አያስቅም» ብሎ የመለሰበትን ሁሉ ዳር ዳሩን በዱቄት ሙጫ ቀብቶ የሳሎናችን ግድግዳ ላይ ይለጥፈዋል። እኔ ስበሳጭለት፣ «ተይ አንቺ፣ ካላሳቀ ብርድ ይከለክላል» ይለኛል። የደብረ ብርሃንን ብርድ ለሚያውቅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከሁሉ አብልጦ የሚወዳት አንዷን ነበር። አንድ ሽማግሌ ቢሮ ደጅ ከመጠበቃቸው ብዛት ሸረሪት አድርታባቸዋለች፤ ሸረሪቷም «አባባ፣ እኔንም ነገ ነይ ብለውኛል» ትላቸዋለች። ሦስት ጊዜ ላካት፤ ሦስት ጊዜ ተመለሰች።

አዘጋጁ ለጋሼ ልቅሶ መጥቶ እሷን ግድግዳው ላይ ሲያይ አፉን በእጁ ሸፍኖ ሳቀ።

«ይቺንማ ምነው ደብቆን ኖረ?» አለኝ።

«ኧረ አልደበቀም!» ብዬ ከግድግዳው ላጥኳትና ጀርባዋን አሳየሁት። በገዛ እጁ ጽሕፈት ሦስት «አያስቅም»።

አንገቱን ደፋ። «እህቴ፣ አሁን እናውጣት?» አለ።

እንቢታው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ጋሼ ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀው ይህንኑ ነውና ሰጠሁት።

ካርቱኗ ወጣች፤ ያየ ሁሉ ሳቀ አሉ። እኔ ግን በተላጠችበት ስንጥቅ ብርዱ እየገባብኝ ነው። የሚለጥፍልኝም የለ፣ «ተይ አንቺ» የሚለኝም የለ።