በመስመር ላይ የተጫወትነው

የሁለቱንም መልክ ሳላይ ሦስት ዓመት ያህል በየቀኑ አብሬያቸው ተጫወትሁ። አንደኛው የእንፍራንዝ ስልክ ጣቢያ ሠራተኛ፣ በዕድሜ ጠና ያሉ፣ የቤተ ክህነት ትምህርት የቀመሱ ሰው ነበሩ። ሁለተኛዋ የይፋግ ጣቢያ ሠራተኛ ናት፤ የእኔ እኩያ፣ ጡት የሚጠባ ልጅ ያላት፣ ምላሷ የማያርፍ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረስሁ ከመሸንቲ መጥቼ ባሕር ዳር የስልክ ማዞሪያ ላይ ተቀጠርሁ። ሥራዬ በሐይቁ ምሥራቅ በኩል ያሉትን ትንንሽ ጣቢያዎች ማገናኘት ነበር። ዘመኑ የደርግ ማብቂያ አካባቢ ነው፤ ማብቂያው መሆኑን ግን ያን ጊዜ አናውቅም።

መስመር ላይ ስም አይጠራም፤ የምንጠራራው በጣቢያችን ነበር። እኔ «ባሕር ዳር» ነኝ፣ እሷ «ይፋግ»። እሳቸውን ግን በዕድሜ ስለሚበልጡን «አያ እንፍራንዝ» እንላቸዋለን።

በትንንሾቹ ከተሞች ቤቱ ስልክ ያለው ሰው አልነበረም። ማውራት የፈለገ ጣቢያው ድረስ ሄዶ፣ ተመዝግቦ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተራውን ይጠብቃል። የገበያ ቀን ካልሆነ ወይ ሰው ካልሞተ ደግሞ ብዙ የሚደውል የለም። ስለዚህ ጧት ሁለት ሰዓት ላይ መስመሩን እንሞክራለን፤ «ይፋግ፣ ይሰማል?» እላለሁ፣ «ይሰማል» ትላለች፤ ከዚያ በኋላ ረጅም ዝምታ ነው።

አንድ የክረምት ጧት፣ ገና አዲስ ሳለሁ፣ ዝምታው ሰልችቶኝ «ቁርስ ምን በላሽ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ሩዝ። ትናንትም ሩዝ ነበር። ነገም ብትጠይቂኝ ሩዝ ነው» አለች።

ወዲያው ያልጠበቅሁት የወንድ ድምፅ ገባ። «በምን ወጥ?» አለ። ለካ የእንፍራንዝን መሰኪያ ሳልነቅለው ቀርቼ ሁለቱ ጣቢያዎች በእኔ በኩል ተገናኝተዋል። ሦስታችንም ሳቅን። ከዚያ ቀን በኋላ መሰኪያውን ሆን ብዬ መተው ጀመርሁ።

የምናወራው ነገር ለማንም የሚረባ አልነበረም። ዶሮ ውሃ ስትጠጣ ለምን ወደ ላይ ትመለከታለች? አያ እንፍራንዝ «ፈጣሪዋን ለማመስገን ነው» ይላሉ፤ ይፋግ «ጉሮሮዋ ቢቀና እንደ እኛ ጎንበስ ብላ ትጠጣ ነበር» ትላለች። ጉማሬ ያልበዋል ወይስ አያልበውም በሚለው ሁለት ቀን ተከራክረናል። እኔ ሐይቁ ዳር ስለምኖር ዳኛ አደረጉኝ። እኔም አንድ ዓሣ አጥማጅ ጠይቄ መጣሁ፤ ሰውየው «ጠጋ ብዬ አላየሁትም፣ አንቺ ሂጂና እዪው» አለኝ ብዬ ስነግራቸው ይፋግ እስኪያስላት ሳቀች። የልጇን ጥርስ መብቀል የሰማነው በልቅሶው ነው። የአያ እንፍራንዝ ባለቤት ሌሊት እንደምታንኮራፋ፣ እሳቸው ግን ዝናብ ነው እያሉ ራሳቸውን እንደሚያታልሉ እናውቃለን።

አንድ ጨዋታም ነበረን። አያ እንፍራንዝ የተቀመጡበት ጣቢያ መስኮቱ ወደ ዋናው መንገድ ነው። በመንገዱ ያለፈ አንድ ነገር ይነግሩናል፤ እኛ «እውነት» ወይ «ቅጥፈት» እንላለን። ጃንጥላ የተያዘለት በግ አለፈ። ሙሽራ በጭነት መኪና ላይ ቆማ አለፈች። በጉ እውነት ነበር፤ ሙሽራዋ ቅጥፈት። ይህን ጨዋታ ያመጣሁት እኔ ነኝ። «እስቲ በመስኮትዎ ያለፈውን ይንገሩንና እውነትና ቅጥፈቱን እንለይ» ያልሁት እኔ ነበርሁ። ይህን እዚሁ ላይ መናገር አለብኝ።

በሦስተኛው ዓመት ጦርነቱ ከሰሜን ወደ እኛ ወረደ። ባሕር ዳር ሆስፒታሉ በቁስለኛ ሞላ። ከሐይቁ ማዶ የሚመጣ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራ ነበር። የይፋግን ታናሽ ወንድም ከገበያ አፍሰው ለውትድርና ወሰዱት። ያን ለታ ከ«ይሰማል» ሌላ አልተናገረችም። በሦስተኛው ቀን ራሷ «ድመት ሩዝ አትበላም የሚለው ማነው? የእኔዋ ድስቱን ገልብጣ በላችው» ብላ ጀመረች። ስለ ወንድሟ ማውራት አይቻልም፤ ስለ ድመቷ ግን ይቻላል። እኛም ድመቷን ይዘን ያን ቀን ሙሉ አወራን።

ቆይቶ ማዞሪያ ክፍሉ ውስጥ ከሥራ ውጭ በመስመር መነጋገር ክልክል ነው የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ጥቂት ቀን ተጠንቅቀን ከዚያ ወደ ጨዋታችን ተመለስን።

አንድ ጧት ኃላፊያችን ካኪ ኮት የለበሰ ሰው አስከትሎ ገባ። «ጓድ የመስመሩን ጥራት ሊከታተሉ ነው» አለ። ሰውየው ከኋላዬ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ሁለተኛውን የጆሮ ማዳመጫ አጠለቀ። ማስታወሻ ደብተርም አወጣ። ሁለቱም መሰኪያዎች እንደተለመደው ገብተዋል፤ አሁን ብነቅል ሰውየው ያየኛል።

«እንፍራንዝ፣ ይሰማል?» አልሁ።

«ይሰማል ልጄ። ዛሬ ጉድ ነው የማወራሽ።»

«ጓድ እንፍራንዝ፣ መስመሩ ለሥራ ብቻ ነው።»

ጓድ ብያቸው አላውቅም። ነገሩ እንዲገባቸው ነበር። እሳቸው ሳቁ። «ደግሞ በምን ሾምሽኝ? ስሚኝ እንጂ፣ አርባ በቅሎ ወደ ጎንደር አለፈ። ሁሉም ጫማ አድርገዋል። እውነት ወይስ ቅጥፈት?»

እኔ ሳልመልስ ይፋግ ገባች። «እውነት ነው። እኔ ጋ ሲያልፉ ቆመው ጫማቸውን ሲያስጠርጉ አይቻቸዋለሁ።»

መሰኪያውን ነቀልሁ። ከኋላዬ የእርሳስ ድምፅ ይሰማኛል።

ከሰዓት በኋላ ወደ ኃላፊው ቢሮ ተጠራሁ። ካኪ ለባሹ በኃላፊው ወንበር ተቀምጧል፤ ኃላፊው ቆሟል። ሰውየው አልተቆጣኝም። ሲናገር እንዲያውም እንደ አስተማሪ ነበር።

«አርባ በቅሎ ምንድን ነው?»

«ጨዋታ ነው» አልሁ።

«በቅሎ ጫማ ያደርጋል?»

«አያደርግም። ለዚህ ነው ጨዋታ የሆነው።»

«ጫማ የምትሉት ጎማ ነው እንግዲህ። በቅሎው መኪና። ወደ ጎንደር የሄደ አርባ መኪና። ሁለተኛዋ ደግሞ ቆመው ነበር አለች፤ የት እንደቆሙ መናገሯ ነው።»

እንዲህ ሲያስረዳኝ ለአፍታ እኔም እውነት መሰለኝ። ሁለቱ ሳላውቅ በእኔ በኩል በምስጢር ሲነጋገሩ ኖረው እንደሆነስ ብዬ አሰብሁ። ይህን ማሰቤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ወረቀት ሰጠኝና የምናወራውን ሁሉ እንድጽፍ አዘዘኝ። ጻፍሁ። ዶሮዋን፣ ጉማሬውን፣ ድመቷን፣ በጉን፣ የሚስታቸውን ማንኮራፋት ሳይቀር። ስድስት ገጽ ሞላ። የሚገርመው እየጻፍሁ ስሄድ ሁሉም ነገር ጥፋት መሰለ፤ «በጉ ጃንጥላ ተይዞለት አለፈ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ ሲሰፍር ምንም የሚያስቅ ነገር አልነበረውም።

ሰውየው አነበበና በእርጋታ ጠየቀኝ። «መንገድ ላይ ያለፈውን የመንገር ጨዋታ የማን ሐሳብ ነው?»

መሸንቲ ያለችው እናቴ ታወሰችኝ። ከእኔ ሌላ የላትም። እስር ቤት ስለገቡ ሴቶች የሰማሁት ሁሉ ታወሰኝ።

«የእንፍራንዝ» አልሁ።

«ጻፊውና ፈርሚበት።»

ጽፌ ፈረምሁ።

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ላይ እንፍራንዝን ጠራሁ። አንድ ጎልማሳ ድምፅ «ይሰማል፣ ጓድ» አለኝ። ሌላ አልጨመረም። ይፋግም ይህን አዲስ ድምፅ ሰምታለች፤ «ይሰማል» ብቻ አለች። በሳምንቱ በእሷም መስመር ሌላ ሰው መለሰልኝ። መሰኪያዎቹን ለየብቻ መሰካት ጀመርሁ። ሥራዬን አልነካብኝም ማንም፤ ኃላፊው እንዲያውም ከበፊቱ ይልቅ በትሕትና ያናግረኝ ነበር፤ እሱ ነው የበለጠ ያስፈራኝ።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ አንዲት ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ሴት በሕዝብ መቀበያው መስኮት ቆመች። ተረኛዋን «ባሕር ዳር የሚሏትን ልጅ ፈልጌ ነው» ስትላት ሰማሁና ወጣሁ።

«የእንፍራንዙ ሰው ባለቤት ነኝ» አለች። «እዚህ ከተማ አምጥተው አስረውታል። ወደ እስር ቤቱ የሚወስደውን መንገድ አላውቅም። ከመወሰዱ በፊት ‹የቸገረሽ እንደሆነ ባሕር ዳር ያለችው ልጅ ታውቅልሻለች› ይለኝ ነበር።»

ቤቴ ወሰድኋት። የምከራየው አንድ ክፍል ነው፤ አልጋዬን ለቅቄ መሬት ተኛሁ። በማግስቱ ስንቅ ቋጥረን አብረን ሄድን። ሰውየውን አላሳዩንም፤ ሳህኑን ተቀብለው ባዶውን መለሱ። እሷ ልጆቿ ጋ ስትመለስ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቁን እኔ ላደርስ ተስማማን። ስትሳፈር እጄን ስማ መረቀችኝ። «የሰው ልጅ አያሳጣሽ» አለችኝ። ሊነገራት የሚገባው ነገር አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

አራት ወር ስንቅ አመላለስሁ። በአምስተኛው ወር አንድ ቅዳሜ ዘበኛው «ያንቺ ሰው ተፈቷል፣ ከበሩ ማዶ ተቀምጧል» አለኝ።

በሐሳቤ ረጅም ሰው ነበሩ። ያየኋቸው አጭር፣ ጠጉራቸው ከፊት የሸሸ፣ ኮታቸው የሰፋቸው ሰው ነው። ከግራር ጥላ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። «አያ» አልሁ። በድምፄ አወቁኝና ተነሡ። ስንቁን አጠገባቸው አስቀመጥሁና ሳልቀመጥ ተናገርሁ።

«ጨዋታውን የጀመርሁት እኔ ነኝ። እርስዎ ነዎት ብዬ ፈርሜያለሁ።»

«አውቃለሁ። አንብበውልኛል» አሉ።

«ታዲያ ስንቁን ለምን ተቀበሉኝ?»

«ይርበኝ ነበራ።»

ይህን ሲሉ አልሳቁም፤ ያለፌዝ ነው የተናገሩት። ከዚያ ቀጠሉ። «በዚያን ቀን በቅሎም መኪናም አላየሁ። ዝናቡ ከብዶ መስኮቱን ዘግቼ ነበር የዋልሁት። ይህን ብላቸው ማን ይመነኝ? መኪናው አርባ መሆኑን ከማን ሰማህ አሉኝ። አንድ ቀን ሙሉ ጠየቁኝ፤ በሁለተኛው ቀን እግሬን ሲገርፉኝ ይፋግ ናት አልሁ።» ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዞሩ። «ሕፃን ልጅ እንዳላት አውቃለሁ። ጥርሱ ሲበቅል ሰምቼዋለሁ። እያወቅሁ ነው ያልሁት።»

አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘኋቸው። እግራቸውን ይጎትቱ ስለነበር በየመንገዱ አረፍን። ሲሳፈሩ «ለእሷ አትንገሪያት» አሉኝ። «ይቅር በዪኝ ለማለት ራሴ እሄዳለሁ፤ ካንቺ አፍ አትስማው።»

እሺ አልሁ።

በሚቀጥለው ዓመት መንግሥት ተለወጠ። መንገዱ እንደተከፈተ ይፋግ ሄድሁ። ጣቢያው ተዘግቷል፤ እሷን የት እንደማገኛት የሚያውቅ ሰው ስፈልግ ገበያው መካከል ከሽንኩርት ገዢ ጋር የምትከራከር ሴት ድምፅ ሰማሁ። ፊቷን ሳላይ እሷ መሆኗን አወቅሁ። «ይፋግ» ብዬ ጠራኋት። ዞር አለችና ፈዛ አየችኝ፤ ከዚያ ተነሥታ አቀፈችኝ።

ቤቷ ወስዳ ምሳ አበላችኝ። ከሥራ አባረዋታል። ሦስት ሳምንት ከነልጇ ታስራ ነበር፤ ልጁ እዚያ ታሞ ከሞት ተርፏል፤ አንድ ጆሮው ግን በደንብ አይሰማም። ስንጫወት እናቱ በግራው በኩል ነበር የምታናግረው። ወንድሟ እንደወጣ ቀርቷል።

«ማን እንደጠቆመብኝ ታውቂያለሽ?» አለችኝ እጅ እያስታጠበችኝ።

«አላውቅም።»

«እኔ ያንን ኃላፊያችሁን ነው የምጠረጥር። አያ እንፍራንዝስ? ደኅና ናቸው?»

«ደኅና ናቸው። እግራቸውን ያማቸዋል።»

«ምስኪን» አለች። «እኔ ትንሽ ነው የታሠርሁት፤ እሳቸው ናቸው የተጎዱ። ባገኛቸው ደስ ይለኝ ነበር።»

«መጥተው አይተውሽ አያውቁም?»

«የት ያውቁኛል ብለሽ።»

አያ እንፍራንዝ ራሴ እሄዳለሁ ካሉኝ አንድ ዓመት አልፎ አልመጡም ነበር። ከዚያም በኋላ ስለመምጣታቸው የሰማሁት የለም። እኔ እንደ ቃሌ ዝም አልሁ፤ ዝምታዬ ለእሳቸው ክብር ይሁን ወይስ ወረቀቱ መጀመሪያ ከእኔ እጅ መውጣቱን እንዳልነግራት፣ ለይቼ አላውቀውም። ወደ ማታ አውቶቡስ እስኪመጣ መንገድ ዳር አብራኝ ቆመች፤ ልጇን በቀኝ ጎኗ ይዛ፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋና ስለ ጎረቤቷ ፍየል ስታጫውተኝ ቆየች።