«እርስዎ ይቅደሙ» እየተባባልን የወጣነው ተራራ

በ2015 ዓ.ም. ስልሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የፍልሰታ ጾም በገባ በጥቂት ቀን የልጄ ሚስት አባት ከአዲስ አበባ መጣ። ልጁ እኛው ከተማ፣ ሴቻ የሚባለው ሰፈር ወልዳ ስለነበር የልጅ ልጁን ሊያይ ነው። እነሱ የተከራዩት ቤት ጠባብ ነው፤ አራስና እንግዳ አንድ ላይ አይይዝም። ስለዚህ ከከተማው ወጣ ብሎ ላንቴ የሚባለው መንደር እኔ ቤት አረፈ። ጡረታ የወጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ኮቱን ለእራት እንኳ አያወልቅም። ከሠርጉ ወዲህ አልተያየንም ነበር። አሁን «እሱ» እያልኩ የምጽፈው በኋላ ስለተቀራረብን ነው። ያን ጊዜ እኔም «እርስዎ» ነበርኩ፣ እሱም «እርስዎ» ነበር።

ወሬውን ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር እወቁ። አማቼ ስኳር አለበት። በየጠዋቱ ራሱን መርፌ ይወጋል፤ ወግቶ ካልበላ ስኳሩ ይወርድና ሊሞት ይችላል። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ልጄ ያውቃል፤ ግን ሰውየው ራሱ ይነግረዋል ብሎ ዝም አለ። ሰውየው ደግሞ ልጁን «አማቾቼ ፊት በሽተኛ አታድርጊኝ» ብሏት ኖሯል። በእኛ አገር አማች ፊት መታመም ነውር ነው። መድከምም ነውር ነው። መራብማ ከሁሉም የባሰ ነውር ነው። መንገድ ላይ ሰው የሚገድለው ገደል ብቻ አይምሰላችሁ፤ ጨዋነትም ይገድላል። ለገደሉ ግን ቢያንስ ምልክት ይተከልለታል።

ነገሩ የተጀመረው በመጣ ማታ ነው። ደጅ ተቀምጠናል፤ ወሬ አለቀብን። ዝም ከምል ብዬ በጣቴ ወደ ላይ አሳየሁና «ያ ተራራ የተወለድኩበት ነው» አልኩት።

«ውይ፣ እንዴት ደስ ይላል! አየሩ መቼም መድኃኒት ነው» አለ።

እኔ ይህን ስሰማ ሰውየው ተራራ መውጣት አምሮታል ብዬ ተረዳሁ። እንግዳ አምሮት ከተናገረ በኋላ ዝም ብሎ የሚተኛ ሰው እንዴት ያለ ነው?

«እንግዲያው ነገ እንወጣለን» አልኩ።

«እርስዎን ካላደከመ።»

«ኧረ ምን ያደክመኛል!»

ጉልበቴ ከሙዝ ማሳዬ እስከ ቤቴ እንኳ ሳልቆም አያደርሰኝም። ግን ተናገርኩ፤ አለቀ።

በማግስቱ ጠዋት ባለቤቴ ዳቦና ሻይ አቀረበች። እኔ ጨጓራዬን ካመመኝ ወዲህ የንስሐ አባቴ በጾም ማልጄ እንድቀምስ ፈቅደውልኛል፤ ሁልጊዜ እቀምሳለሁ። አማቼ ዳቦውን አየ፣ ግድግዳ ላይ ያለውን ሥዕለ ማርያም አየ፣ እኔን አየ።

«ቅዳሴ ሳይወጣ?» አለ።

«ኧረ በጭራሽ!» አልኩ። «እኛማ ለእርስዎ ነው ያቀረብነው።»

«እኔማ እጾማለሁ።»

ባለቤቴ «አንተ ግን ጨጓራህ...» ብላ ስትጀምር በዓይኔ ገሠጽኳት። ዳቦው ተነሣ። ሰውየው ግን መርፌውን ጓዳ ገብቶ ወግቷል። በኋላ እንደሰማሁት ለእሱም የንስሐ አባቱ ፈቅደውለት ነበር። ሁለት የተፈቀደላቸው ሽማግሌዎች አንዱ ለሌላው ሲል ጾመው ወጡ። እግዚአብሔር ከላይ ሆኖ ምን እንዳለ አላውቅም።

ጉዟችንን ማታውኑ በስልክ ነግሬው ስለነበር ልጄ ልንወጣ ስንል መጥቶ ሚስቱ ያዘጋጀችውን ቦርሳ አደረሰን። ፊሽካ አለበት፣ እንደ ቆርቆሮ የሚያብለጨልጭ የላስቲክ ብርድ ልብስ አለበት፣ ሁለት ጁስ አለበት። «ጉም ከመጣ ተመለሱ ብላለች» አለ። እኔ የሙዝ ከረጢቴን ጨመርኩ፤ ከቅዳሴ በኋላ ለምንበላው።

በሚኒባስ ወደ ደጋዋ ከተማ ጨንቻ ወጣን፤ ከዚያም ሌላ መኪና ይዘን መንገዱ እስከሚያልቅበት ሄድን። እዚያ ሰሌዳ ቆሟል፤ ለጎብኚ የሚሆን ምክር ተጽፎበታል። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ቀስ ብዬ አነባለሁ እንጂ አላነብም አልልም። አማቼ ግን እንደ መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው፤ የሚሄዱበትን ለሰው ይናገሩ፣ ጉም ሲወርድ ይመለሱ፣ ሳይርብዎ ይብሉ፣ ሕመም ካለብዎ ለጓደኛዎ ያሳውቁ።

«ግሩም ምክር ነው» አለ።

«እጅግ» አልኩ። «ፈረንጆቹን በጣም ይጠቅማቸዋል።»

ሁለታችንም ራሳችንን እየነቀነቅን አለፍነው። ሰሌዳ እንዲህ ነው፤ የቆመ ሰው ሁሉ የሚያነበው ለሌላ ሰው ነው።

አንድ ጃንጥላ የያዘ ጎልማሳ ቀረበን፤ አስጎብኚ ነው።

«አባቶች፣ ዛሬ ላዩ ጉም ነው። ብትቀሩ ይሻላል። ካልቀራችሁም ሰው ይዛችሁ ሂዱ።»

«እዚሁ የተወለድኩ ሰው ነኝ» አልኩት።

«መቼ ወረዱ?»

«አንተ ሳትወለድ።»

«መንገዱ ከዚያ ወዲህ ተቀይሯል፣ አባቴ።»

«ተራራ ይቀየራል እንዴ?»

«ተራራውማ እዚያው ነው። የተቀየረው መንገዱ ነው። እሺ፣ ሲጠፋችሁ ጩኹ፤ እዚሁ ነኝ።»

አማቼ ሰውየውን ቢቀጥር ደስ ይለው ነበር፤ ዓይኑ ላይ አይቻለሁ። ግን እኔን ማሳነስ እንዳይመስል ፈራ። እኔም ቢቀጠር ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ተናግሬያለሁ። ሄድን።

በእንሰት መካከል፣ ከዚያ በቀርከሃ መካከል ነው መንገዱ። ያገኘነውን ሁሉ «ሳሮ» እያልን ሰላም እንላለን፤ የአገሩ ሰላምታ ነው። ሁሉም ከየት መጣችሁ፣ ወዴት ናችሁ፣ ቤተሰብ ደኅና ነው ብሎ ይጠይቃል። እኛም «ሁለቱ ሐይቅ ወደሚታይበት ራስ ሩቅ ነው?» እንላለን።

ቀርከሃ የተሸከመች ሴት «ኧረ ደርሳችኋል!» አለች።

በቅሎ የሚነዳ ሰውዬ «ምን ቀራችሁ፣ እቺን ዞር ስትሉ ነው» አለ።

ደጁ ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ «ቅርብ ነው፣ ቅርብ» አለን።

ዞርን፤ አልነበረም። እንደገና ዞርን፤ አሁንም የለም። እነዚህ ሰዎች ውሸታም አይደሉም። የደከመ ሰው ፊት «ሩቅ ነው» ማለት ልቡን መስበር ነው፤ እኔም ላንቴ መንገድ ላይ ለሚጠይቀኝ ሁሉ «ደርሰሃል» ስል ነው የኖርኩት። አስፋልት ዳር ለቆመ ሰው ይህ አይጎዳም። ዳገት ላይ፣ ያውም ሆዱ ባዶ ለሆነ ሰው፣ እንዲህ ያለ ደግነት ሬሳ ያሸክማል።

ጉሙ ከታች መጣ። መጀመሪያ እንሰቱን ዋጠው፣ ቀጥሎ ቤቶቹን፣ ከዚያ እኛን። እኔ «አማቼ ከደከመው ይናገራል» እያልኩ እሄዳለሁ። እሱ «አማቼ መመለስ ከፈለገ ይናገራል» እያለ ይከተለኛል። ጉልበቴ ይጮኻል። የእሱ እግር ይጠላለፋል፤ ጭቃው ነው ብዬ አለፍኩት።

ራሱ ላይ ደረስን። ደረስን እላለሁ እንጂ ያወቅሁት ከዚያ በላይ መሬት ስላጣሁ ነው። በፊታችን ነጭ ብቻ ነው።

እጄን ዘረጋሁ። «በዚህ በኩል አባያ፣ በዚያ በኩል ጫሞ።»

አማቼ ነጩን አየና «እንዴት ያምራል!» አለ።

ባዶ ነገር አሳየሁት፤ ባዶውን አደነቀ። ከዚህ የበለጠ ጨዋ ሰው ከየት ይመጣል? ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ቆይቶ፣ ከየት እንደመጣ ባላወቅሁት ድምፅ፦

«ምኑ ነው የሚያምረው?» አለ።

«ምን አሉ?»

«ጭስ ነው ይሄ! የኩሽና ጭስ! አንተ ሽማግሌ፣ ጭስ ልታሳየኝ ነው እዚህ ድረስ የጎተትከኝ?»

አንተ አለኝ። ከአማች አፍ «አንተ» ሰምቼ አላውቅም።

«ልጅህም እንዳንተው ደረቅ ነው! የሠርጋችሁ ወጥም ጨው አልነበረውም! ኮቴን የት አደረግህ?»

ኮቱን ለብሶታል። እኔ ግን ስለ ኮቱ አላሰብኩም፤ የሰማሁት ወጡን ነው። ያ ወጥ ባለቤቴ ሌሊቱን ሙሉ የቆመችበት ነው። ብድግ ብዬ ጥዬው ወረድኩ። በልቤ ዝምድናው እዚህ ላይ አበቃ እያልኩ ነው። ጉሙ ከኋላዬ ዋጠው። ትንሽ እንደወረድኩ ስልኬን አወጣሁ፤ ለልጄ ልከሰው ነው።

«አማትህ ሰደበኝ» አልኩት።

«ምን?»

«አንተ ሽማግሌ አለኝ። የእናትህን ወጥ ጨው የለውም አለ።»

ወዲያው ስልኩ ከእጁ ተነጠቀ፤ ሚስቱ ናት።

«አባባ! አባዬ ነው እንዲህ ያለው? ያልበዋል?»

«በዚህ ብርድ ግንባሩ ይንጠባጠባል። ኮቱን ለብሶ ኮቴን አምጣ ይለኛል።»

«ቁርስ በልቷል?»

«ጾም ነው እኮ፣ ልጄ።»

«አባባ፣ ስኳሩ ወርዶ ነው! መርፌውን ወግቶ ሳይበላ ወጥቶ ነው። አሁኑኑ ጁሱን ያጠጡት፤ ቶሎ ካልጠጣ ይሞትብኛል! የት ነው ያለው?»

«ላይ ነው።»

«እርስዎስ?»

ዞሬ ወጣሁ። ጉሙ ውስጥ ድንጋዩ ሁሉ አንድ ነው፤ የተቀመጥንበትን ማን ይለየዋል? «አማቼ!» ብዬ ተጣራሁ። ዝም። ደግሜ ተጣራሁ። በግራዬ በኩል፣ ቀስ ያለ ድምፅ፣ «...ጨው እንኳ የሌለው...» ሲል ሰማሁ። ተመስገን አልኩ። ስድቡን ተከትዬ ሄጄ አገኘሁት። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ ስድብ የለም።

በጎኑ ተጋድሟል። ደግፌ አቀናሁትና ጁሱን ከፍቼ ወደ አፉ አቀረብኩ። ከንፈሩን ገጠመ።

«ጠጣ!»

«እርስዎ... ይቅደሙ» አለ።

እየሞተ ነው፣ ይቅደሙ ይለኛል። ስሙን ረስቷል፣ ኮቱን ረስቷል፣ ጋባዥ ሳይቀምስ እንግዳ እንደማይቀምስ ግን አልረሳም።

«እኔ እጾማለሁ» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ዘጋሁት። ጁሱን ሳብ አድርጌ ጠጣሁ። «ይኸው፣ ቀደምኩ! አንተም ጠጣ!»

ጠጣ። ግማሹ አገጩ ላይ ፈሰሰ፣ ግማሹ ገባ። ሁለተኛውንም ከፈትኩለት። ከዚያ ሙዝ ልጬ ለእኔ አንድ ጉርሻ፣ ለእሱ አንድ ጉርሻ እያልኩ ተካፈልን፤ ሳልበላ አይበላማ። የሚያብለጨልጨውን ላስቲክ አልብሼው ፊሽካውን ነፋሁ። ዓይኑ ቀስ በቀስ ሰው ማየት ጀመረ።

«ምን ሆንኩ?» አለኝ።

«ሰደብከኝ።»

«እኔ? እርስዎን?»

«የሠርጉን ወጥም።»

ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «አባቴ ይሙት፣ ወጡ ጥሩ ነበር።»

«ጨው አልነበረውም፤ እኔም ያን ቀን ቀምሼዋለሁ» አልኩት።

በፊሽካው የቀርከሃዋ ሴትና ሁለት ጎረቤቶቿ ደረሱልን። ጉም ውስጥ ኳስ የሚያጫውት ማነው ብለው ነው የወጡት። ግራና ቀኝ ደግፈውት ስንወርድ አማቼ አንደኛውን «እስከ መኪናው ምን ያህል ይቀረናል?» አለው።

«ቅርብ ነው፣ አባቴ።»

«የእኔ ወንድም፣ በሽተኛ ነኝ። እውነቱን ንገረኝ።»

ሰውየው እኔን አየኝ። ራሴን ነቀነቅሁለት።

«እውነቱንማ... ሩቅ ነው» አለ፤ እንዳፈረ ሰው መሬት መሬት እያየ።

ስለዚህ የቀርከሃዋ ሴት ቤት ገብተን አረፍን። ቆጮ ከጎመን ጋር አቀረበች፤ በልተን ጉሙ ሲነሣ ወረድን። ጃንጥላ የያዘው አስጎብኚ ከሰሌዳው ሥር ቆሟል።

በመኪና ወደ ታች ስንመለስ አማቼ «እውነቱን ልንገርዎት፣ ተራራ አልወድም» አለ። «ከፍታ ያዞረኛል። የፈለግኩት ደጅዎ ላይ ተቀምጬ ሕፃኗን ማቀፍ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ደስ ይላል አልክ?»

«የተወለድኩበት ነው ሲሉኝ ምን ልበል? አስቀያሚ ነው?»

ልጁ ማታውን ስልክ ደውላ ሁለታችንንም በየተራ ገሠጸችን፤ አራስ ናትና ዝም ብለን ሰማን። እኔን ካለችኝ ሁሉ የከነከነኝ አንድ ነው። «አባባ፣ ጁስ ልኬላችሁ፣ ፊሽካ ገዝቼላችሁ፤ አባዬ በልቷል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጠፋ» አለች።

በማግስቱ ጠዋት ከሁሉ ቀድሜ ተነሣሁ። ባለቤቴን ገንፎ እንድታገነፋ፣ ለእሱ ብቻ እንድታቀርብ ነገርኳት። «እንግዳውን ለብቻው አስቀምጠህ የምትሄድ ምን ዓይነት ጋባዥ ነህ?» አለችኝ። እኔ ማዕድ ላይ ካለሁ «እርስዎ ይቅደሙ» እያለ እንደማይበላ፣ ከሌለሁ ግን እንደሚበላ አውቄያለሁ። አማቼ መርፌውን ወግቶ የጓዳው በር ሲከፈት ሰምቼ በጓሮ ወጣሁ፤ ሙዝ ማሳዬ ገብቼ ውኃውን ወደ ቦዩ ለቀቅሁና ባለቤቴ ሳህኑን ለማጠብ ደጅ እስክትወጣ ድረስ እዚያው ቆሜ ጠበቅሁ።