የታመመችው ልጄ

ሚካኤልን፣ አታምኑኝም! ቡሬ ገጠር ወዳለችው ጎጆዬ ሰው ከመጣ ብዙ ጊዜው ነው፤ ቁንጫዎቼ ሳይቀሩ በሰው ናፍቆት ከስተዋል። ያለችኝ እናቷ የሞተችባት አንዲት ግልገል ድመት ናት። እሷም ታመመችብኝና ከተማ ላለው የከብት ሐኪም ደወልሁ። ኔትወርኩ ስለሚቆራረጥ በጩኸት ነው፦

«ስታስመልስ፣ ሲያስቀምጣት አደረች! የላም ወተት ነው የሰጠኋት፤ እናት የላት!»

«ወተቱን ተው። ውሃ ጠብ ጠብ አድርግላት፤ አሙቃትና ዛሬውኑ አምጣት።»

በጋቢ ጠቅልዬ ስወጣ፣ ጩኸቴን የሰማው ጎረቤት ሁሉ ደጄን ሞልቶታል።

«አንተ ጉደኛ፣ ከማን ወለድሃት?»

ድመት ናት ብል ጥለውኝ ሊሄዱ ነው፤ ጋቢውን ይበልጥ ሸፈንሁባት። ዓይናቸው የደከመው እማማ ጥሩነሽ ጋቢውን ገለጥ አድርገው ጺሟን ዳበስ ዳበስ አደረጉና፦

«እልል በሉ! ቁርጥ አባቷን!»