እህቴ ለእኔም ለበርሜሉም እምቢ አለች

ዛሬ ዓለም ባንክ ሰፈር አንድ ማደያ ውስጥ እህቴ ለአለቃዋ "አልቀዳም" ስትል በጆሮዬ ሰማኋት።

ሐያት ነዳጅ ቀጂ ናት፤ እኔ የሚኒባስ ሹፌር ነኝ። ናፍጣ እንደገና ጨምሯል፤ በተወደደ ዋጋም ለማግኘት ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ተሰልፌያለሁ።

ሌላ ማደያ ሂድ እንዳትሉኝ። ዋጋው ሁሉም ጋ አንድ ነው፣ ናፍጣ ያለው ደግሞ እዚህ ብቻ ነበር። የማደያ ሰዎች አማራጭ እንደሌለን ስለሚያውቁ እንደፈለጉ ያስቆሙናል።

"ሐዩ፣ በጎን ልግባ?" ብዬ ደወልኩላት። "ተራህን ጠብቅ" ብላ ዘጋችብኝ። ለእናታችን ልከሳት ሁሉ አስቤ ነበር።

ሦስት ሰዓት ገደማ አንድ ፒካፕ በርሜሎች ጭኖ በመውጫው በኩል ገባ። ሥራ አስኪያጁ "ቅጂለት፣ የኛ ሰው ነው" አላት።

"ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ሰው ከጠዋት ጀምሮ ቆሟል። የገዛ ወንድሜንም አላስቀደምኩም። አልቀዳም።"

"እንግዲያው ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ።"

ከሚኒባሴ ወርጄ አጠገቧ ቆምኩ፤ ዞር ስል ሌሎቹም ሹፌሮች ወርደዋል። አንድ አዛውንት የአይሱዙ ሹፌር በእርጋታ "ልጅቷን ካባረርክ ማናችንም ከዚህ አንንቀሳቀስም" አሉት።

ፒካፑ ባዶ በርሜሎቹን ይዞ ወጣ። ሥራ አስኪያጁ "ቀጥይ" ብሏት ቢሮው ገባ።

ተራዬ ሲደርስ እንደማታውቀኝ ሆና "ስንት ልቅዳ?" አለችኝ። ከኋላዬ ለቆመው ሰውዬ፣ ሳይጠይቀኝ፣ "እህቴ ናት" አልኩት።

እናንተስ፣ ለሰው ተራ ብሎ እንጀራውን ያስያዘ ሰው ገጥሟችኋል? እስቲ አውሩንና እንኩራበት።