የጋሽ ኑሩ ጭረት ዋስትና አልነበረም

ጋሽ ኑሩ ሞቱ የሚለው ቃል እስካሁን ከአፌ አልወጣልኝም።

ጠዋት አንበሳሜ ገበያ ጨርቅ እያወረድኩ ልጃቸው ከድር ደወለ። «ጋሼ፣ አባባ አረፉ» አለኝ። «የትኛው አባባ?» አልኩት። ትናንት ከሰዓት ከበረንዳዬ ሥራቸውን ጨርሰው የተነሡ ሰው ናቸው እኮ! እንኳን ሊሞቱ፣ አሞኛል እንኳ አላሉም።

ለማታውቋቸው፦ ጋሽ ኑሩ ደብረ ታቦር፣ በልብስ ሱቄ በረንዳ ላይ አሥራ ስምንት ዓመት ጠረጴዛ ዘርግተው ሰዓት ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ሰው ሰዓቱን ሲያሞግስላቸው አንድ መልስ ነበራቸው፦ «ክፈተውና እንነጋገር።»

ዛሬ ረፋዱ ላይ የቴሌግራሙ የድሮ ሰዓት ወዳጆች ቡድን ፎቷቸውን ሻማ ለጥፎበት አወጣ። «የሙያው አባት» ይላል። ከሁለት ወር በፊት ከዚያው ቡድን ያስወጧቸው እነሱ ናቸው። ያኔ አባት አልነበሩም፤ «ገበያ በጥባጭ» ነበሩ።

እኔም ከሦስት ዓመት በፊት እዚያ ቡድን ውስጥ ጀማሪ ነበርኩ። ከማላውቀው ሻጭ ፎቶ ብቻ አይቼ ሰዓት ገዛሁ። በአውቶቡስ ተላከልኝ፤ እጄ ላይ አስሬ፣ ደረቴን ነፍቼ በረንዳው ላይ ወጣሁ። ከፈቱት። ፊቱ ላይ የስዊስ ስም ተጽፏል፤ ውስጡ ከሦስት ሰዓት የተለቃቀመ ማሽን ነው።

አጉሊ መነጽራቸውን ከዓይናቸው ሳያነሡ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ሱሪ ስትገዛ ስፌቱን ገልብጠህ፣ ክሩን ጎትተህ ነው። ሰዓት ሲሆን ፎቶ በቃህ?» አሉኝ።

«ፎቶው ያምር ነበር፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ፎቶውን እሰረው!» ብለው ሳቁብኝ። ሳምንት ሙሉ ሳቁብኝ።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ። ጋሽ ኑሩ የከፈቱትን ሰዓት ሁሉ ሲዘጉ ክዳኑን ከውስጥ በኩል በመርፌ ጫፍ ይጭሩታል፤ «ኑ» የምትል ፊደልና ወሩን። ሰዓቱ ተመልሶ ከመጣ መቼ እንዳጸዱት ለማወቅ ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ጥሩውንም ይጭሩታል፣ ውዳቂውንም ይጭሩታል። የቡድኑ ጀማሪዎች ግን ጭረቷን የዋስትና ማኅተም አደረጓት። ሰዓት ለሽያጭ በወጣ ቁጥር «የጋሽ ኑሩ ጭረት አለው?» ይላሉ። አለው ከተባለ ሌላ ጥያቄ የለም።

ሻጮቹ ይህን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም። ክዳን ይፈታል። ከሞተ ሰዓት ፈትቶ፣ ልኩ ከገጠመ ሌላው ላይ ማሰር ነው።

አንድ መምህር ከሐሙሲት መጣ። ለአባቱ ብሎ እንዲህ ያለ ሰዓት ገዝቶ በሳምንቱ ቆሞበታል። ሰው በተሰበሰበበት «አንቱ፣ በዚህ ዕድሜዎ ከሌባ ጋር ይካፈላሉ?» አላቸው። ጋሽ ኑሩ አልተቆጡም። ከፍተው አዩትና «ክዳኑ የእኔ ነው፣ ልጄ። ሆዱን አላውቀውም» አሉት። ነጥቋቸው ሄደ።

በዚያው ቀን መልእክት አጻፉኝ። የየቀኑን ነገር በደብተር ስለምይዝ ቃላቸው እንዳለ እጄ ላይ አለ፦

«እኔ ኑሩ ነኝ። ጭረቴ ከፍቼው ነበር ማለት ነው፤ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። ክዳን ይቀየራል። የማታውቁት ሰው ሲሸጥላችሁ፣ ክዳኑን እየፈታ ማሽኑን በቪዲዮ ያሳያችሁ። እንቢ ካለ ተዉት።»

በእሳቸው ስልክ ቡድኑ ላይ ለጠፍኩት። አሥር ደቂቃ አልቆየም፤ አጠፉትና እሳቸውን አስወጧቸው። አንዱ ሻጭ «ድርሻው ሲያንስበት ነው የጮኸው» ብሎ ጻፈ። ያንን ማንም አላጠፋም።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ «የቡድኑ ሰዎች አስተካከሉት?» ይሉኝ ነበር። ሰዓት ሊያሠራ የሚመጣው ሰው ክዳኑን ሲፈቱ እጃቸውን በጥርጣሬ ማየት ጀምሯል። እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ነገር ማብረድ እወዳለሁ፤ «ይተዉት፣ ወሬ ነው» እላቸዋለሁ። እኔ ግን ቡድኑ ውስጥ ነበርኩ። መጻፍ እችል ነበር። እኔንም እንዳያስወጡኝ ብዬ ዝም አልኩ።

ዛሬ ከሻማው ሥር ምን እንደተጻፈ ልንገራችሁ። ያው ሻጭ «ከሟቹ የመጨረሻ ሥራዎች አንዱ፣ ጭረቱ ከነወሩ» ብሎ ሰዓት አውጥቷል። አንዱ ጀማሪ «ነፍስ ይማር። አልተሸጠም አይደል?» ብሎታል። በአንድ መስመር! አስከሬናቸው ገና ከቤት አልወጣም ነበር።

ከዙህር ሶላት በኋላ ቀበርናቸው። እንደ ወጉ ከድር ቆሞ «አባቴ የበደሉት፣ ቅር ያሰኙት ሰው ካለ ይናገር፤ አውፍ በሏቸው፣ ይቅር በሏቸው» አለ።

ከኋላ የሐሙሲቱ መምህር እጁን አነሣ። ሰዓቱን ባሕር ዳር ወስዶ አስከፍቶ ኖሯል፤ እውነቱን እዚያ ነግረውታል። «የበደልኳቸው እኔ ነኝ። ሌባ ያልኳቸው በሰው ፊት ነው፤ በሰው ፊት ልመልሰው» አለ።

እኔ እዚያም ዝም አልኩ።

ስለዚህ አሁን፣ ሁላችሁም በምታዩት ቦታ ጻፍኩት። የቡድኑ አስተዳዳሪዎች፣ ሻማውን አንሡና ያጠፋችሁትን መልእክት መልሱ። እኔን ማስወጣት ትችላላችሁ።

ጋሽ ኑሩ፣ አላህ ይዘንልዎ። በሰላም ይረፉ። ስምዎ ሲጎድፍ አጠገብዎ ቆሜ ጨርቅ እለካ ነበር። አውፍ ይበሉኝ።

ለእነሱ ግን አውፍ አልለምንም።