እናቴ ያዋለደቻቸው ቡችሎች

እናቴ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ወለጋ ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ነበረች። ልጅ ሳለሁ እሷን ፍለጋ ቤት የሚመጣ ሰው አይጠፋም ነበር። ምሳዋን አቋርጣ ትነሳለች፣ ነጭ ጋወኗን በክንዷ ላይ ጣል ታደርጋለች፣ ትሄዳለች። ስትመለስ ስለ ድካሟ አታወራም፤ ወንድ ይሁን ሴት፣ እናትየዋ እንዴት እንደ ሆነች ነግራን የቀዘቀዘውን ምሳዋን ትጨርሳለች።

አባቴ ሲሞት ብቻዋን እንዳትሆን ብዬ አዲስ አበባ አመጣኋት። የምኖረው ሰሚት ውስጥ ትንሽ ግቢ ባላት የኪራይ ቤት ሲሆን የምሠራው ደግሞ ሃያ ሁለት አካባቢ ባለ ሆቴል በእንግዳ ተቀባይነት ነው። ከሥራ ስመለስ እናቴን የማገኛት መስኮቱ ሥር ባለው ወንበር ላይ ነበር። ቴሌቪዥኑ ይለፈልፋል፣ እሷ ግን ውጭ ውጭውን ታያለች። ከፍቶሽ ነው ወይ ስላት ደህና ነኝ ትለኛለች። ቸርች ስንሄድ ሰዎች በአክብሮት ሰላም ይሏታል፤ ለእነሱ ግን ከክፍለ ሀገር መጥተው ልጃቸው ጋ የሚኖሩ አንዲት እናት ብቻ ነበሩ። ይህቺ ሴት ማን እንደ ሆነች ብታውቁ ማለት ያምረኝና መልሼ እተወዋለሁ።

ውሻዋ የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው። ከጎናችን የነበሩ ተከራዮች ቤት ሲቀይሩ ትተዋት ሄዱ። ቀይ ዳማ፣ አንድ ጆሮዋ የታጠፈ፣ ተራ የሐበሻ ውሻ ናት። የተቆለፈው በር ላይ ተኝታ ወጪ ወራጁን ስታይ ትውላለች። እናቴ አገር ቤት ሳለች ውሻ ደፍ እንዲያልፍ የማትፈቅድ ሰው ነበረች። ይቺን ግን መጀመሪያ ውኃ፣ ቀጥሎ ትራፊ ወሰደችላት፤ በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ ግቢያችን ውስጥ ከእናቴ እግር ሥር ተጋድማ አገኘኋት። ስም አላወጣችላትም። «አንቺ ሴት» ነው የምትላት፤ ውሻዋም ለዚያ ጥሪ ጆሮዋን ታቆማለች።

ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ ውሻዋ ምግብ ጠላች። ጠዋት ጠዋት ታስመልሳለች፤ ከዚያ ጥላ ፈልጋ ትተኛለች። እኔ የተበላሸ ነገር በልታ ይሆናል ብዬ ነበር። እናቴ ግን በጀርባዋ አስተኝታ ሆዷን እያሻሸች ጡቶቿን አየችና፣ ጫፋቸው ቀልቶ አበጥ ማለቱን አሳየችኝ። አርግዛለች አለችኝ። ሆዷ እኮ ምንም የለውም ስላት፣ ሆድ መጨረሻ ነው የሚናገረው ብላ ሳቀችብኝ። እናቴ ስትስቅ ከሰማሁ ቆይቼ ነበር።

ገርጂ አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ስላለ ወሰድናት። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። የውሻዋን ሆድ በትንሹ ላጭታ ቅባት ቀባችና የአልትራሳውንዱን መሣሪያ አስጠጋች። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ስክሪኑ ላይ ተደፋች። በግራጫው መሐል ጥቃቅን ነገሮች ብልጭ ድርግም ይላሉ። ልባቸው ነው አለች ሐኪሟ። እናቴ በሥራ ዘመኗ የፅንስ ልብ የምታዳምጠው በእርጉዟ ሆድ ላይ በሚደፋ የእንጨት ማዳመጫ ነበር፤ ጆሮዋን ደግፋ፣ ትንፋሿን ይዛ። አሁን በዓይኗ እያየችው ነው። ከስክሪኑ ላይ ቀና አልል አለች።

ከዚያ ጥያቄ ጀመረች። ሐኪሟም ሳትሰለች መለሰችላት። የውሻ እርግዝና በጥቅሉ ሁለት ወር ገደማ ነው። የመጀመሪያው ወር በዝምታ ያልፋል፤ ፅንሱ ማኅፀን ላይ ሲጣበቅ የምግብ ፍላጎት ሊጠፋ ይችላል፤ ከወር በኋላ ሆድ ይገፋል፤ ወደ መጨረሻው አጥንታቸው ይጠነክራል፣ ጡቷም ወተት ይይዛል። የትላትል መድኃኒት እንኳ እዚህ ሳትጠይቁ እንዳትሰጧት አለችን። እናቴ ለነፍሰ ጡሮች ካልሲየም ታዝ እንደ ነበር ተናግራ ለውሻዋም መስጠት እንደምታስብ ስትነግራት ግን ሐኪሟ ራሷን ነቀነቀች።

«አይ እማማ፣ አሁን አይስጧት። ካልሲየም ከውጭ ከለመደች ሰውነቷ ከራሷ አጥንት ለማውጣት ይሰንፋል። ኋላ ስታጠባ፣ ብዙ በሚያስፈልጋት ሰዓት ትቸገራለች።»

እናቴም፣ «እኔ የማውቀው የሰዉን ነው» አለቻት። «የዚህችን አንቺ አስተምሪኝ።»

እናቴ በእኔ ዕድሜ ያለች ልጅ ፊት እንዲህ ስትል ስሰማ ኮራሁባት። ስንት ዓመት ሙሉ ሌሎችን ስታስተምር የኖረች ሴት ናት። ከክሊኒኩ ስንወጣ ወንበር ላይ ተቀምጣ የምትውለዋ እናቴ አብራን አልወጣችም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን የውሻዋ ቤት ሆነ። ምግቧን እናቴ ራሷ ነበር የምታበስለው፤ የተቀቀለ ሥጋ፣ ሩዝ፣ ካሮት፣ አንዳንዴ እንቁላል። ቅመምና ሽንኩርት ድስቱ አጠገብ እንዳይደርስ ተከለከለ። ሆዷ እየገፋ ሲመጣ ቡችሎቹ ጨጓራዋን ስለሚጫኑት አንዴ ብዙ መብላት አቃታት፤ እናቴም ጥቂት ጥቂት አድርጋ በየሰዓቱ ታቀርብላት ጀመር። ጠዋትና ወደ ማታ ኮብልስቶኑ ላይ ቀስ እያሉ ይንሸራሸራሉ። መጀመሪያ ላይ ውሻዋ ከፊት ነበር የምትሄደው፤ ወደ መጨረሻው እናቴ ከፊት ሆና ትጠብቃት ጀመር።

መንገዱ ጥግ ላይ ሱቅ ያለው ጎረቤታችን የወሎ ሰው ነው። ሙስሊም ስለሆነ የውሻ ምራቅ እንዳይነካው ይጠነቀቃል፤ እናቴን ግን ሲያልፉ አስቁሞ ስለ እርጉዟ ሳይጠይቅ አይቀርም። መውለጃ ሣጥን ልንሠራ እንደ ሆነ ሲሰማ የዕቃ ማሸጊያ ጣውላዎች ሰጠን፤ ምስማሩንም እሱ መታልን። ሐኪሟ እንዳለችው በሣጥኑ ግድግዳ ውስጥ ዙሪያውን አነስተኛ መደገፊያ አደረግንበት፤ እናትየዋ ስትጋደም ቡችላ ከግድግዳው ጋር እንዳይጨፈለቅ ነው። ዕቃ ቤቱን ባዶ አድርገን እዚያ አስቀመጥነው። ውሻዋ መጀመሪያ አሽትታው ሄደች። ኋላ ግን ያነጠፍንላትን ጋዜጣ በጥርሷ እየቀደደች፣ በእግሯ እየጫረች ጎጆ መሥራት ስትጀምር፣ እናቴ ከኩሽና ጠርታኝ በበሩ ቀዳዳ አሳየችኝ። እንዲህ ስትጀምር ቀርቧል ማለት ነው አለችኝ በሹክሹክታ።

ውሻዋ ልትወልድ አንድ ቀን ገደማ ሲቀራት የሰውነቷ ሙቀት ዝቅ እንደሚል ሐኪሟ ነግራን ስለ ነበር እናቴ ጠዋትና ማታ ትለካት ነበር። አንድ ቅዳሜ ዝቅ አለ። እሑድ ጠዋት ምጡ መጣ፤ ቸርች ቀረን። ከቸርች አንዲት እህት ምን ሆናችሁ ብላ ስትደውል እናቴ፣ የማዋልዳት አለችኝ ብላ ስልኩን ዘጋችው። ሴትዮዋ ምን እንዳሰበች እንጃ።

የመጀመሪያው ቡችላ ያለ ችግር መጣ። ውሻዋ ሽፋኑን በጥርሷ ቀድዳ፣ እትብቱን ቆርጣ ላሰችው። እናቴ እጇን አጣምራ ነው የተቀመጠችው፤ እኔ ልረዳት ብድግ ስል፣ ተያት ታውቃለች አለችኝ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ተከተሉ። እናቴ እያንዳንዱን ሲጠባ ታያለች፣ እንግዴ ልጁ መውጣቱንም ታረጋግጣለች። ከአራተኛው በኋላ ግን ውሻዋ ስታምጥ ቆየችና ምንም አልወጣም። ዓይኗ ደከመ። ሐኪሟ ጋ ደወልኩ፤ ግቢ ውስጥ ትንሽ አራምዷት፣ ካልመጣ ቶሎ አምጧት አለችን። እናቴ አንገቷን አቅፋ ወደ ግቢው ወሰደቻት። ጥቂት እንደ ተራመዱ ውሻዋ ቆመች፣ አጎነበሰች፣ አምስተኛውም በእግሩ መጣ። ግን አይንቀሳቀስም። እናትየዋም ዞራ ልታየው አቅም አልነበራት።

እናቴ ሲሚንቶው ላይ ተንበረከከች። ሽፋኑን በጣቷ ቀደደች፣ አፍና አፍንጫውን ጠረገች፣ በፎጣ ጠቅልላ ራሱን ዝቅ አድርጋ ጀርባውን ታሸው ጀመር። ፈጣን ነበር እጇ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። «ጀባዱ» ትለዋለች ደጋግማ በኦሮምኛ፣ በርታ ማለቷ ነው። እኔ አብቅቶለታል ብዬ ዓይኔን ወደ አጥሩ አዙሬ ነበር። ከዚያ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። ስዞር ቡችላው አፉን እየከፈተ ነው። እናቴ ወደ እኔ አላየችም፤ ወደ ሣጥኑ ወስዳ ጡት አስያዘችው።

ልጅ ሳለሁ ስትወጣና ስትመለስ ብቻ ነበር የማውቃት። በመሐል የሚሆነውን ያየሁት ያን ዕለት ነው።

ሁሉም ነገር ያለፈ መስሎን ነበር። ቡችሎቹ ዓይናቸውን ገልጠው በሣጥኑ ውስጥ እርስ በርስ መረጋገጥ በጀመሩበት ሰሞን፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ላይ ሳለሁ እናቴ ደወለችልኝ። ድምፅዋ የተረጋጋ ነበር። ውሻዋ ታለከልካለች፣ እግሯ እንጨት ሆኗል፣ እየተንቀጠቀጠች ነው፤ ቡችሎቹን ለይቻቸዋለሁ፣ ክሊኒክ እየሄድን ነው፣ እዚያ ነይ አለችኝ። በምን ልትወስጃት ነው ብዬ ሳልጨርስ ተዘጋ።

የወሰዳቸው ባለሱቁ ጎረቤታችን ነው። ሱቁን ዘግቶ፣ የመኪናውን የኋላ ወንበር ላስቲክ አልብሶ፣ እናቴንና ውሻዋን አስቀምጦ ገርጂ አደረሳቸው። በኋላ ወንበሩን ደጋግሞ አጥቦታል፤ ላመሰግነው ስሄድ ግን ቃሌን አቋርጦ፣ ነፍስ አይደለችም እንዴ ነው ያለኝ።

እኔ ታክሲ ይዤ ስደርስ የሕክምናው ክፍል በር ገርበብ ብሎ ነበር። ውሻዋ ጠረጴዛው ላይ ተጋድማለች። ወተቱ ካልሲየሟን አሟጦት ኖሯል። ሐኪሟ በደም ሥሯ ካልሲየም ቀስ እያለች እየሰጠች ነው። መድኃኒቱ ከፈጠነ ልብን ስለሚጎዳ አንድ ሰው ልቧን ማዳመጥ አለበት፤ ረዳቷ ደግሞ ሌላ ሥራ ወጥቷል። ማዳመጫው ያለው እናቴ ጆሮ ላይ ነበር። ጎንበስ ብላ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ በአንድ እጇ የውሻዋን ደረት ይዛ፣ በሌላው ጣቷ ጠረጴዛውን በልኩ መታ መታ ታደርጋለች። ሐኪሟ የምታየው ያቺን ጣት ነው።

ድንገት የጣቷ ምት ዘገመ። «ቆይ» አለች እናቴ። ሐኪሟ መድኃኒቱን መስጠት አቆመች። ጥቂት ቆይቶ ጣቷ ወደ ልኩ ሲመለስ እናቴ ራሷን ነቀነቀች፤ ሐኪሟም ቀጠለች። የውሻዋ እግሮች ከእንጨትነታቸው ቀስ በቀስ ሲላሉ ከበሩ ሆኜ አየሁ።

ድመት አቅፎ ተራ የሚጠብቅ አንድ ሰውዬ በትከሻዬ በኩል አጮልቆ፣ ሐኪሟ ትልቋ ሴትዮ ናቸው ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

«አዋላጅ ነርስ ነች» አልኩት። «እናቴ ነች።»

አዲስ አበባ ከመጣች ጀምሮ ይህን ለአንድ ሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር፤ ድምፄ ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ ሰውዬው ድመቱን ጠበቅ አደረገ።

ለተወሰነ ጊዜ ቡችሎቹ ከጡት ተለይተው በጡጦ ማደግ ነበረባቸው። የሆቴል ዩኒፎርሜን ሳላወልቅ አንዱን ጭኔ ላይ አድርጌ ወተት እሰጣለሁ፤ እናቴ ሌላውን ይዛ አያያዜን ታርመኛለች። ውሻዋ ዳነች፤ ግን ከቡችሎቹ በመለየቷ ደስ ያልተሰኘች ይመስል ዕቃ ቤቱ በር ላይ ተኝታ ትጠብቅ ነበር። ቡችሎቹ ገንፎ መላስ ሲጀምሩ ከእናታቸው ጋር እንደ ልብ ሆኑ።

ሲያድጉ የሚወስዷቸው ሰዎች መጡ። እናቴ ወንበር ሰጥታ ትጠይቃቸዋለች፤ ግቢ አላችሁ ወይ፣ ቀን ማን አለ፣ ክትባት ታስከትባላችሁ ወይ። መልሱ ያልጣማትን ሻይ አጠጥታ በባዶ እጁ ትሸኛለች። ሁለቱ መልሳቸው ለጣማት ሰዎች ተሰጡ፣ አንዷን ገርጂ ክሊኒክ ያለ ዘበኛ ወሰዳት፣ አንዱን ባለሱቁ ለመጋዘኑ ግቢ ወሰደው። በእግሩ የመጣውን ሐኪሟ ራሷ ፈለገችው፤ እሷ ምንም አልተጠየቀችም። እናትየዋን ደግሞ ዳግመኛ እንዳትቸገር ካገገመች በኋላ እንድትመክን ያደረገችው እናቴ ነች።

አሁን ሰሚት ውስጥ ውሻ ያረገዘችበት ሰው ሁሉ በራችንን ያውቀዋል። እናቴ ሐኪም እንዳልሆነች ለሁሉም ትናገራለች፣ ወደ ክሊኒኩ ትልካቸዋለች፤ ከዚያ ግን ጫማዋን አድርጋ ልታይ አብራ ትሄዳለች። ሐኪሟ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች እንድታግዛት ጠየቀቻት። እናቴ ለክሊኒኩ የሚሆን አረንጓዴ ጋወን በልኳ አሰፋች። ቅዳሜ ጠዋት እኔ ገና አልጋ ላይ ሆኜ ግቢ ውስጥ ለውሻዋ፣ ቶሎ እመለሳለሁ ቤቱን ጠብቂ ስትላት ይሰማኛል። ከዚያ የውጭው በር ይዘጋና ወደ ታክሲው ትሄዳለች። ቶሎ ተመልሳ አታውቅም።